ማህተሙ አይነበብም

ሰኔ 6 ቀን 2015፣ ማክሰኞ፣ አምቦ

ደወለች። እንደ ወትሮዋ ከሻይ ሰዓት በኋላ፣ በቢሮው መስመር።

«አካም ጅርታ ዘሩ፣ ዛሬስ ምን ለጠፋችሁ?»

ደብተሩን ዛሬ ነው የጀመርኩት። ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ቢሆንም ድንገት ሰው እጅ ቢገባ ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ዘሩባቤል እባላለሁ፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ በድረ ገጻችን ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ። አለጣጠፉም እንዲህ ነው፦ ማስታወቂያው ይታተማል፣ ኃላፊው ኦቦ ኤጄታ ይፈርሙበታል፣ እትዬ ፍቅርአዲስ ማህተም ታሳርፍበታለች፣ እኔ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ እለጥፈዋለሁ። ዓይን ላለው ሰው ችግር የለውም።

ጃለኔ ግን ዓይኗ አያይም። ከካቺሲ ነው የምትደውለው። በሕግ ተመርቃ፣ እህቷ ቤት ተቀምጣ የሕግ ባለሙያ ቦታ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ኮምፒውተሯ ጽሑፍ ያነብላታል፤ ፎቶ ግን ማንበብ አይችልም። የእኛ ገጽ ላይ ሲደርስ «ግራፊክ» ይልና ዝም ይላል።

«ባለፈው ሳምንትም ግራፊክ፣ ዛሬም ግራፊክ፤ እኔ የምለው፣ ይህ ግራፊክ የሚባል ሰውዬ ስንት ሥራ ነው የያዘው?» አለች።

ስቄ ሞትኩ። ከዚያ አነበብኩላት። ሾፌር፣ ነርስ፣ የግዥ ሠራተኛ። የሕግ ባለሙያ የለም። እናንተ ጋ ዘነበ ወይ ተባባልን። ሁለታችንም ጋ ዘንቧል።

ሰኔ 13፣ ማክሰኞ

የተተኮሰውን ሸሚዝ ለበስኩ። ሌላው ስላልደረቀ ነው።

ደወለች። ዛሬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ዘሩ፣ ከፎቶው ሥር ጽሑፉን ለምን አትተይበውም? ፎቶው ይኑር፤ ጽሑፉ ሥር ይግባ። እኔም በራሴ አነበዋለሁ፣ አንተም በየሳምንቱ አትደክምም።»

«ኧረ አልደክምም» አልኩ።

«እሱን እንኳ ተወው። ለምን አትተይበውም?»

«ኃላፊው አይፈቅዱም። ማህተም የሌለበት ጽሑፍ ሰው አያምነውም ይላሉ።»

«ጠይቀሃቸው ነው?»

«ጠይቄያቸዋለሁ።»

ልጠይቃቸው ነበር። ስብሰባ ገቡ።

እያወራን ወንበሬ ላይ ዞር ስል ወንበሩ ጮኸ። «ደግሞ ይህቺ ጫጩት!» አለች። «መጀመሪያ ወንበርህን ነው የለየሁት፣ ቀጥሎ ነው አንተን።»

ሰኔ 15

ዛሬ እትዬ ፍቅርአዲስ ወረቀት ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ላይ ስትጮህ ሰማኋት። «ማህተም የሌለው ወረቀት የስኳር መጠቅለያ ነው!» ይኸው። ኦቦ ኤጄታን መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ የታወቀ ነው። የቢሮው አሠራር ነው፤ እኔ አላመጣሁትም።

ሰኔ 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ ረጅም አወራን። ማስታወቂያው አንድ ብቻ ስለነበር ቶሎ አለቀ፤ እሷም ስልኩን አልዘጋችም።

ሕጉን ነገረችኝ። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት የሚባል አለ፤ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። አንቀጽ 9 ላይ ሕንፃውም፣ መንገዱም፣ ኢንተርኔቱም ለአካል ጉዳተኛ ተደራሽ ይሁን ይላል። «ኢንተርኔት ብሎ በስሙ ጠርቶታል፣ ዘሩ። የሥራ ስምሪቱ አዋጅ ደግሞ ለብቻው አለ። እኔ የምጠይቀው ውለታ አይደለም።» ሌላም ብዙ አለች። ሁሉንም አልያዝኩትም፤ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።

ዛሬ ድምፅዋ ጉንፋን ያለበት ይመስላል። ዝንጅብል ጠጪ አልኳት። «ቶሌ፣ እሺ ዶክተር» አለችኝ።

ቤት ስገባ ሬዲዮ ከፈትኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሬዲዮ ሳልከፍት ጫማዬን አላወልቅም። ጣቢያው ምን እንደሚያወራ አልሰማሁም፤ ብቻ የሰው ድምፅ ይኑር።

ሐምሌ 4፣ ማክሰኞ

እስከ ምሳ አልደወለችም። ምሳ አልበላሁም፤ ሥራ በዝቶ ነው። ከሰዓት በኋላ ደወለች። መብራት ጠፍቶ ነበር አለች።

የሕግ ባለሙያ ዛሬም የለም። «ይመጣል» አልኳት። «መምጣቱን አላጣሁትም፣» አለች፣ «ሲመጣ እኔ ሳላውቀው እንዳያልፍ ነው የምፈራው። የእህቴ ባል ዝም ብሎ ነው የሚያጎርሰኝ፤ ዝምታው ግን ይሰማኛል።»

«እኔ እያለሁ አያልፍሽም» አልኳት። ካለፋት አፌ ቁርጥ ይበል!

ሐምሌ 13፣ ሐሙስ

ወጣ! የሕግ ባለሙያ፣ ብዛት አንድ፣ የሥራ ቦታ አምቦ። ምዝገባው እስከ መጪው ረቡዕ፣ በአካል ወይም በድረ ገጹ። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ።

ቁጥሯ አለኝ። ግን ሁልጊዜ የምትደውለው እሷ ናት፤ እኔ ደውዬላት አላውቅም። ደግሞ እህቷ ቤት ናት፤ ወንድ ከሥራ ቦታው ተነስቶ ቢደውል ምን ይባላል? ማክሰኞ ራሷ ትደውላለች። የምሥራች ከአፍ ሲሰማ ነው የሚያምረው። «ዛሬስ ምን ለጠፋችሁ?» ስትል በመጀመሪያ ሾፌሩን አነብላታለሁ፣ ከዚያ ጥበቃውን፣ ከዚያ…

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ከጉደር የመጣ ካሮት ገዝቼ ገባሁ። ለአንድ ሰው ብዙ ነው።

ሐምሌ 18፣ ማክሰኞ

አልደወለችም። እኔ ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም።» ካቺሲ ኔትወርክ የለም አሉ። ከእሑድ ማታ ጀምሮ ነው።

እንደገና ደወልኩ። እንደገና። እንደገና።

ሐምሌ 19

ምዝገባ ተዘጋ። ገጹን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው።

ሐምሌ 20፣ ሐሙስ

ኔትወርኩ ተመልሶ ደወለች። ሰላምታ አልነበረም።

«የጎረቤት ልጅ ከጊንጪ መጥቶ ነገረኝ። በስልኩ አይቶታል። መቼ ነው የተለጠፈው?»

«ሐሙስ» አልኩ።

«የትኛው ሐሙስ?»

«ያለፈው።»

እኔ ስለ ኔትወርኩ ጀመርኩ። ማክሰኞ ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ዓርብ ስልኬ ይሠራ ነበር፣ ዘሩ። ቅዳሜም ይሠራ ነበር። እሑድም ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ይሠራ ነበር።»

ዘጋችው።

ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። የማህተሙም ነው። እሷስ ብትሆን ሰኞ ሌላ ስልክ ፈልጋ መደወል አትችልም ነበር? ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነብኝ። አልሰርዘውም፤ ይታይ።

ሐምሌ 25፣ ማክሰኞ

የለም።

ነሐሴ 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ መጣች። ራሷ።

የኦቦ ኤጄታ ክፍል ጣሪያው ስለሚያፈስ ከሰሞኑ እኔ ክፍል ነው የሚሠሩት። በሩ ተንኳኳ። የእህቷ ባል መሆን አለበት፣ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ ያደረገ ሰው እጇን ይዞ አስገባት። ዱላዋ ነጭ ነው፣ ጫፉ ቀይ። አጭር ናት። በድምፅዋ ረጅም አድርጌ ነበር የማስባት።

አንድም ቃል አልተነፈስኩም። እኔ መሆኔን ታውቃለቻ፣ ብናገር። ማዕዘኔ ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ።

«ኦቦ ኤጄታ እርስዎ ነዎት? ጃለኔ ዓብዲሳ እባላለሁ» ብላ የተተየበ አቤቱታ ሰጠቻቸው። ኦቦ ኤጄታ ፊቱን ሳያነቡ ገልብጠው የመጨረሻውን መስመር አዩ።

«ግልባጭ… ግልባጭ ለማን ለማን ነው ይሄ?»

«ለሚመለከታቸው ሁሉ» አለች። «ገና አልላክሁትም። አስቀድሜ እዚህ መጣሁ።»

ኦቦ ኤጄታ ላባቸውን ጠረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ሳቡላት። «እህቴ፣ ተቀመጪ። እኛ እኮ እንዲህ ያለ ችግር መኖሩን ብናውቅ…»

«ጽሑፉ ከፎቶው ሥር እንዲተየብ ተጠይቀው አልፈቀዱም ተብያለሁ።»

«እኔ? ማን ጠይቆኝ? ኧረ ይቺን ነገር ገና አሁን ነው ከአንቺ የምሰማት!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።

ጃለኔ፣ «መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ሰው በየሳምንቱ ያነብልኝ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ስሙን አልጠራም። ግን ኦቦ ኤጄታ፣ እኔ የፈለግሁት ደግ ሰው አይደለም፣ ማስታወቂያውን ነው። ደግ ሰው ይታመማል፣ ይረሳል፣ ሐሙስን ማክሰኞ ያደርጋል» አለች።

ከዚያ ስለ አዋጁ በዝግታ ተናገረች። ኦቦ ኤጄታ «ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» ይላሉ። እኔ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ትንሽ ባነሳው ወንበሩ ሲጥ አለ።

ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። ተነሳች፤ ሰውዬው እጇን ያዘ። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዘሩ፣ ደህና ዋል። ወንበርህን ዘይት ቀባው።»

ወጣች። ኦቦ ኤጄታ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሉ። «አላውቅም» አልኩ። አቤቱታውን ከፊቱ ጀምረው ማንበብ ያዙ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 3

«ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ጀመሩ ኦቦ ኤጄታ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ይተየባል። እትዬ ፍቅርአዲስ ጾም ይዟት ነው መሰለኝ ነገር ፍለጋ መጣች። «ታዲያ ማህተሙስ? ማህተም ይነበባል እንዴ?»

አስረዳኋት። ፎቶው ይኖራል፤ ከፎቶው ጋር ግን ምን እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ይገባል፤ የጃለኔ ኮምፒውተር የሚያነበው እሱን ነው። «ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?» አለች። «ክብ ማህተም አርፎበታል» አልኩ። «ሰማያዊ በል። አጥርተን እንደምንመታም ጻፍ!» ጻፍኩላት፤ አጥርተን የሚለውን ተውኩት፣ ለዓይነ ስውር መዋሸት ይሆንብኛል። ይሄን ስጽፍ እጄ ቆመ።

ነሐሴ 5፣ ማታ

ቀኑን ሙሉ ተየብኩ። ያረጁት ማስታወቂያዎች በድሮ የኮምፒውተር ፊደል ስለተጻፉ ገልብጬ ሳስገባቸው የፈረንጅ ሆሄ ዝብርቅርቅ ይሆናሉ፤ ከመጀመሪያው መተየብ ነው። የባሰ አታምጣ።

ቤት ገብቼ እሷ የምትጠቀምበትን ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ነጠላ አወጣሁ፣ የእናቴን፤ ዓይኔን አሰርኩበት። ከዚያ እኔ ራሴ የሠራሁትን ገጽ፣ ስንት ዓመት ያስተዳደርኩትን ገጽ ከፈትኩ።

የተየብኩትን ገና አልለጠፍኩትም፤ «ግራፊክ» አለኝ። ወረድኩ። «ግራፊክ።» ወረድኩ። «ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ።» የምን ቁልፍ? አይልም። ስም አልሰጠኋቸውማ። የመመዝገቢያውን ቁልፍ ፈለግሁ። ቀኝ ጥግ ላይ አረንጓዴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ቀኝ ጥግ የሚባል ነገር የለም፣ አረንጓዴም የለም። ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ስልቹ ነው። ጠፋሁ። በገዛ ቤቴ በር ላይ ቆሜ መክፈቻ እንዳጣሁ ሆንኩ።

እሷ ከዚህ ጋር በየሳምንቱ እየታገለች፣ ሲያቅታት ነው ማክሰኞ የምትደውለው። ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ነበር የምትደውልልኝ። እኔ ደግሞ ስልኩ ሲጮህ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚፈጀው። ሰኔ ላይ ተይቤው ቢሆን ሁሉም ባለቀ ነበር። ያኔ ግን ማክሰኞ ምን ልሰማ ነበር? ይኸው ጻፍኩት። ነጠላውን ፈትቼ አጠፍኩ፤ እርጥብ ነበር።

ነሐሴ 11፣ ሐሙስ

የቅጥር ኮሚቴው ተሰብስቦ የሕግ ባለሙያው ምዝገባ እንደገና ይከፈት አለ፤ የመጀመሪያው ለሁሉም እኩል አልደረሰም ተብሎ። ኦቦ ኤጄታ ናቸው የተከራከሩት። ምዝገባው እስከ መጪው ረቡዕ፣ እንዳለፈው። በጽሑፍ ለጠፍኩ። እያንዳንዱን ቁልፍ ስም ሰጠሁት። ዓይኔን አስሬ ሁለተኛ ሄድኩበት፣ ደረስኩ።

ልደውልላት? ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ብደውል መልሼ ደግ ሰው ልሆን ነው። ባልደውል፣ ደግሞ ቢያልፋትስ? እኔ ላይ የቀራት እምነት የለም፤ ገጹን ጨርሶ ትታው ቢሆንስ?

አጭር መልእክት ላክሁላት፤ ለሌሎቹ አመልካቾች የላክሁትን፣ ቃል ሳልጨምር፦ «ምዝገባው እንደገና ተከፍቷል። ማስታወቂያው በድረ ገጹ ላይ ይነበባል።» ይነበባል የሚለውን ከመላኬ በፊት ሁለቴ አነበብኩት።

መልስ የለም።

ነሐሴ 14

ምንም። ካቺሲ ኔትወርክ አለ ወይ ብዬ የአውቶቡስ ረዳት ጠየቅሁ። አለ አለኝ።

ነሐሴ 15፣ ሰኞ

ማመልከቻዋ ገባ! በድረ ገጹ፣ በራሷ። ጃለኔ ዓብዲሳ። ዲግሪዋን አያይዛለች። «ተጨማሪ አስተያየት» የሚለው ሣጥን ውስጥ ደግሞ፦ «ማስታወቂያውን ያለ ሰው እርዳታ አንብቤ ጨርሻለሁ። የማህተሙን ቀለም ጭምር።»

ለእትዬ ፍቅርአዲስ አሳየኋት። «አየህ! ሰማያዊ በል አላልኩህም?» ብላ ቢሮውን ሁሉ ዞራ አወራች።

ነሐሴ 16፣ ማክሰኞ

ፍልሰታ ተፈታ። ሥጋ ገዝቼ ጠበስኩ፣ ብቻዬን ፈሰክሁ። ጎረቤት የልጆች ጫጫታ አለ።

ስልኩ አልጮኸም። ለምን ይጮሃል? ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብያለሁ።

ነሐሴ 30፣ ማክሰኞ

እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ ስልኩ አጠገብ የምሠራው ሥራ ነበረኝ። ከዚያ በኋላም ነበረኝ።

ጳጉሜን 2፣ ሐሙስ

ለፈተና የተጠሩ ሰዎች ስም ወጣ። እሷም አለችበት። በመስከረም አጋማሽ ትፈተናለች። እጄ ሮጦ ስልኩ ጋ ደረሰ፤ ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ተለጥፏል እኮ። አንብባዋለች። ከእኔ ቀድማም ሊሆን ይችላል።

ኦቦ ኤጄታ አዲስ ወንበር እናስመጣልህ አሉኝ። አልፈልግም አልኩ። «ይጮሃል እኮ» አሉ። ይጩህ።

መስከረም 1 ቀን 2016፣ ማክሰኞ

እህቴ ምኞት ከአዳማ ደውላ እንኳን አደረሰህ አለችኝ። «ዶሮ አለ?» አለች፤ «ሞልቷል» አልኳት። ልጆች አበባ ስለው መጡ፤ ተቀበልኳቸው፤ ሄዱ። ከዚያ ቤቱ ዝም አለ። ማክሰኞ ነው። ሬዲዮው ሲዘፍን ጭራሽ ባሰብኝ።

ቢሮ ሄድኩ። ዘበኛው ደነገጠ። «በበዓል?» አለ። «ኢንተርኔቱን ላየው ነው» አልኩት። ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ። በቢሮው መስመር ደወልኩ፤ የሞባይሌን ቁጥር አታውቀውም፣ ይህን ግን ታውቀዋለች።

በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። «ምን ተፈጠረ? ሰረዙኝ?» ከኋላዋ ቤት ሙሉ ሰው ይስቃል።

«ኧረ የለም! ማንም አልሰረዘሽም። እንኳን አደረሰሽ ልልሽ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። «እንኳን አብሮ አደረሰን። አስደነገጥከኝ እኮ፣ ሰውዬ።»

«ይቅርታ» አልኩ። «ለዛሬው ብቻ አይደለም።»

«ገብቶኛል» አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። የሰዎቹ ሳቅ እየራቀ ሄደ፤ ውጭ ወጣች መሰለኝ። «ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ? የት ነህ?»

«ቤት ነኝ። ሰው ሞልቷል፣ አሁን እንኳ ማዕድ…» ስል ዞር አልኩ። ወንበሩ ጮኸ።

መስመሩ ዛሬ አልተቆራረጠም።

«ዘሩ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱ ወንበር እኮ ያለው ቢሮ ነው።»

ልክድ አፌን ስከፍት አለቀስኩ። ማልቀሴን አልሰማችም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጃለኔ የማትሰማው ነገር የለም።

«በል የሆነ ነገር አውራኝ» አለች። «እንዳታነብልኝ ግን። ማንበቡን እኔም ችያለሁ።»

እጄ ላይ ወረቀት አልነበረም። ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። ከእናቴ ጀመርኩ።